የፋብሪካ ጩኸትና የሠራተኛ ጆሮ

ስለ ጆሮ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ አሮጌ ሹራብ ነው። ነገሩ እንግዳ ሳይመስላችሁ አይቀርም፤ ታሪኩ ግን አጭር ስለ ሆነ ከዚያ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ማታ እናቴ ስለ ታናሽ ወንድሜ ለአባቴ ስትነግር፣ «ያን የጠበበውን ሹራቡን ለጓደኛው ሰጠው» አለች። አባቴ የሰሙት ግን «ለጓደኛው ሸጠው» የሚለውን ነበር። ልጄ ከቤት ልብስ እያወጣ የሚሸጥ ሆነ ብለው እጅግ ተቈጡ፤ ልጁንም ጠርተው ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቁ ቀጡት። ወንድሜ ያደረገው መልካም ሥራ ስለ ምን እንዳስገረፈው ሳይገባው እያለቀሰ ተኛ። እናቴም «ሰጠው ነው ያልኩት!» ብትል፣ አባቴ «ልታድኚው ብለሽ ነገሩን አታለዋውጪ» ብለው ዝም አሰኟት።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። አባቴ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው ስለሚከፍቱ ጎረቤት ይታዘበን ነበር። ስንጠራቸው አይመልሱም፤ ቀርበን ስንናገር ደግሞ «አታጉረምርሙ፤ አፋችሁን ከፍታችሁ ተናገሩ» ይላሉ። እንግዳ በተሰበሰበበት ቦታ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲሥቅ ዘግየት ብለው ይሥቃሉ። እኛም በቤት ውስጥ አባታችን ቍጡ ሆኑ እንጂ መስማት አቃታቸው ብለን ፈጽሞ አላሰብንም። ዕድሜያቸው ገና 48 ዓመት ስለ ሆነ ደንቆሮነት በሐሳባችን አልመጣም።

ነገሩ የተገለጠልኝ በክፍል ውስጥ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ጆሮ ሲያስተምሩን፣ ብዙ ዓመት በጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ ሳይሆን ቀጭኑን መሆኑን ነገሩን። ከፊደሎቻችን መካከል ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ የመሳሰሉት በቀጭን ድምፅ የሚነገሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ሰው መናገሩን ይሰማል፤ የተናገረውን ግን አይለይም። «ሠራ» ሲባል «ፈራ»፣ «ሰጠው» ሲባል «ሸጠው» ሊመስለው ይችላል። ይህን ስሰማ የወንድሜ ሹራብ ትዝ አለኝና ከዚያ በኋላ የተነገረውን ትምህርት በደንብ አልተከታተልሁም።

አባቴ በዚሁ በክፍለ ከተማችን በሚገኝ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ በሽመናው ክፍል 23 ዓመት ሠርተዋል። ሰፈራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። ንፋስ ስልክ ላፍቶ በአዲስ አበባ በደቡብ በኩል ይገኛል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ቀድሞ በአካባቢው ከነበረው ሽቦ አልባ የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ አባቶቻችን ወሬ ያለ ሽቦ በአየር ሲመጣ ባዩ ጊዜ የነፋስ ስልክ ብለው ጠሩት። ከነፋስ ላይ መስማት የሚል ስም በተሰጠው ሰፈር ተቀምጬ መስማት ስለ ማጣት መጻፌ ለራሴም ይገርመኛል። ከጎተራ ወደ ሳሪስና ወደ ቃሊቲ በሚወስደው በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የክር፣ የቀለም፣ የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተክለዋል። በመካኒሳ፣ በላፍቶ፣ በጀሞና በሃና ማርያም በኩል ደግሞ በርና መስኮት የሚሠሩ ትናንሽ ብረታ ብረት ቤቶችና እንጨት ቤቶች መንገዱን ይዘውታል። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል አባቱ ወይም እናቱ ወይም ወንድሙ ከነዚህ በአንዱ የማይሠራ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አባቴ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ጆሮ እንግባ። ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው። ይህ መርገብገብ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረውን ታምቡር ይመታል። ከታምቡሩ ኋላ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፤ በመልካቸው ምክንያት መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። በአንጥረኛ ቤት የሚገኙት መዶሻና መስፍ በአንጥረኛው ጆሮ ውስጥም መኖራቸው ለዚህ ትምህርት የታሰበ ይመስላል። እርካቡ የተቀበለውን መርገብገብ በውስጠኛው ጆሮ ወዳለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ተጠቀለለውና ፈሳሽ ወደ ሞላበት ክፍል ያስተላልፈዋል። በዚህ ክፍል ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ጸጉር ያላቸው ሕዋሳት ተሰልፈው ቆመዋል። ፈሳሹ ሲናወጥ ጸጉሮቹ ይታጠፋሉ፤ ሲታጠፉም መልእክት ወደ ጅማት ይልካሉ፤ ጅማቱም ወደ አእምሮ ያደርሰዋል። እነዚህ ሕዋሳት ያሉበትን አካል ጣሊያናዊው አልፎንሶ ኮርቲ በ1851 እ.ኤ.አ. ገልጾ ጽፎታል። በውስጡ የድምፅ ማዕበል እንዴት እንደሚጓዝ የመረመረው የሀንጋሪ ተወላጅ ጌዮርግ ፎን ቤኬሺ ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

እነዚህን ጸጉሮች በሜዳ ላይ እንዳለ ሣር አድርገን እንያቸው። አንድ ሰው ቢረግጠው ሣሩ ይተኛል፤ ሲያድር ግን ይነሣል። በዚያው ላይ ዕለት ዕለት ብዙ ሰው ቢመላለስበት ሣሩ ይሞትና መላጣ መንገድ ይሆናል። ከጩኸት ቦታ ስንወጣ ጆሮአችን ጭው የሚለውና ለጥቂት ሰዓት የታፈነ የሚመስለን ሣሩ ስለ ተኛ ነው። ሠራተኛ ግን ሣሩ ሳይነሣ በማግሥቱ ተመልሶ ይረግጠዋል። የሞተው ሕዋስ አይተካም። በሰው ብቻ ሳይሆን በከብትም በውሻም እንዲሁ ነው። የሚያስገርመው ግን ዶሮ የሞተባትን የጆሮ ሕዋስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መልሳ ማብቀል መቻሏ ነው፤ ሊቃውንት ይህን ያረጋገጡት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ዶሮ የምትችለውን ሰው አለመቻሉ ያሳዝናል። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት የተሰለፉት በቀንድ አውጣው መግቢያ በኩል ስለ ሆነ ጩኸት መጀመሪያ የሚጎዳው እነርሱን ነው። ይልቁንም በሴኮንድ 4000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ድምፅ የሚቀበለው ስፍራ ከሁሉ ቀድሞ ይደክማል።

የድምፅን ብርታት የምንለካበት ዴሲቤል ይባላል። ይህ ልክ ሰውን ሊያታልል የሚችል ነው፤ ምክንያቱም እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ አይቈጠርም። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ሲጨምር ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ያህል ነው። በአሜሪካ አገር የሠራተኞችን ጤና የሚያጠናው ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አንድ ሰው በቀን ለ8 ሰዓት ሊቆይበት የሚገባው ድምፅ ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ አሳስቧል። በዚሁ ምክር መሠረት 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ ነው። 100 ዴሲቤል ሲደርስ ጊዜው ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። መወርወሪያው በመኪና ኃይል ወዲያና ወዲህ የሚወረወርበት የሽመና መኪና በብዛት በተተከለበት አዳራሽ ድምፁ 95፣ አንዳንድ ጊዜም 100 ዴሲቤል ይደርሳል። ብረት የሚቆርጠው ግራይንደርም ከዚህ አያንስም።

ሒሳቡን እኔ ራሴ ሠርቼ አየሁት። በ85 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት 15 ነው፤ 15 ለ3 ሲካፈል 5 ይሆናል፤ ስለዚህ ኃይሉ አምስት ጊዜ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት። በ100 ዴሲቤል ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው የ32 ቀን ጩኸት በአንድ ቀን ይቀበላል። ይህን ቍጥር ሳገኝ ስሕተት መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። መሰሉን የሽመና ሥራ በሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች በእጃቸውና በእግራቸው ሲሠሩት እየተጫወቱ፣ ቡና እየጠጡ ነው። ጥጡም ክሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። ብዙ ጨርቅ በርካሽ ማግኘታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በገበያ ላይ ብቻ የሚከፈል አለመሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ይህ ጉዳት በዛሬ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ በቬኒስ ከተማ በአንድ ሰፈር ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉትን ሰዎች ያነሣል፤ ጆሮአቸው እየደከመ ሄዶ በሽምግልና ጊዜ ፈጽመው እንደሚደነቁሩ ጽፏል። ለምሳሌም በዓባይ ፏፏቴ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በውኃው ጩኸት ይደነቁራሉ የሚለውን የጥንት ጸሐፊዎች ወሬ ይጠቅሳል። እርሱ የሚለው በግብጽ በኩል ስላለው ዓባይ ነው፤ የጢስ ዓባይ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መሣቃቸው አይቀርም።

ከዚህ በኋላ በ1886 እ.ኤ.አ. ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎ ከተማ ሐኪም የእንፋሎት ጋኖችን የሚሠሩ 100 ሰዎችን መረመረ። እነዚህ ሰዎች በብረት ጋን ላይ፣ አንዳንዶቹም በጋኑ ውስጥ ገብተው፣ ብረት በመዶሻ ሲያያይዙ የሚውሉ ነበሩ። ዶክተር ባር እንደ ዛሬው የኤሌክትሪክ መመርመሪያ ስላልነበረው የኪስ ሰዓቱን ወደ ጆሮአቸው እያቀረበና እያራቀ የሰዓቱን ምት በምን ያህል ርቀት እንደሚሰሙ ለካ። ለማመሳከሪያም ደብዳቤ አዳዮችን መረመረ። ከመቶዎቹ ጋን ሠሪዎች መካከል ደኅና ጆሮ ያለው አንድም ሰው አልተገኘም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ በቤታችን ያለውን በእጅ የሚሞላውን የአያቴን ሰዓት አነሣሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ ለጨዋታ አስመስዬ ቤተ ሰቡን ሁሉ በየተራ ዐይናቸውን አስጨፍኜ ሞከርሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰዓቱን ከሁለት ክንድ በላይ ርቆ ሰማው፤ እናቴ በአንድ ክንድ ተኩል ላይ ሰማችው። አባቴ ዘንድ ስደርስ ሰዓቱን ከአንድ ክንድ ወደ አንድ ስንዝር፣ ከስንዝር ወደ ጣት እያቀረብሁ ሄድሁ። በመጨረሻ ጆሮአቸው ላይ ለጠፍሁት። «ጀምር እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። ወንድሜ ሊሥቅ ሲል እናቴ በዐይኗ ከለከለችው።

ወደ ሐኪም ለመሄድ ግን ሁለት ወር ፈጀብን። ጎረቤቶች የጤና አዳም ጭማቂ ይንጠብበት አሉ፤ ተንጠበጠበ። ሌሎች ኩክ ይሆናል ዘይት ይጨመር አሉ፤ ተጨመረ። እነዚህ ምንም አልፈየዱም፤ የጤና አዳሙ ይባስ አቃጠላቸው። ኩክ የዘጋው ጆሮ ሲጸዳ መስማቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጠኛው ጆሮ የሞተ ሕዋስ ምንም ቢጨመርበት አይመለስም። ስለዚህ በገዛ እጅ ጆሮ ውስጥ ማንኛውንም ነገር ከመጨመር በፊት ሐኪም ማሳየት ይሻላል።

በሐኪም ቤት አባቴን በአንዲት ዝግ ክፍል አስገብተው በጆሮአቸው ላይ ማዳመጫ አደረጉላቸው፤ ልዩ ልዩ ድምፅ እያሰሙ ሲሰሙ እጃቸውን እንዲያነሡ አዘዟቸው። የተሰሙትና ያልተሰሙት ድምፆች በወረቀት ላይ በመሥመር ተሣሉ። መሥመሩ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ደኅና ይሄድና 4000 ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ይወርዳል። በቀኝም በግራም ጆሮ አንድ ዓይነት ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን እንዳዩ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያም ራሳቸው «ፋብሪካ ነው አይደል?» አሉ። አባቴ መድኃኒት እንዳለው ሲጠይቁ፣ ከዚህ እንዳይብስ መጠበቅ እንጂ የጠፋውን መመለስ እንደማይቻል አስረዷቸው። የመስማት ረዳት መሣሪያ መኖሩንም ነገሩን፤ ይህ መሣሪያ ድምፅን ያጐላል፤ የጠፋውን ፊደል ሁሉ ግን አይመልስም፤ ዋጋውም ለእኛ የሚቀመስ አይደለም።

በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ አባቴ ብዙ ዝም አሉ። ሳሪስ አቦ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያን ማታ እናትህ ሰጠው ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረታችን የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ስለሚሰማ ነው። እኔ ግን ለዚህም ጉዳት የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት። እጁ በመኪና የተቆረጠ ሰው በዚያው ደቂቃ ያውቃል፤ ደም ይፈሳል፤ ሰው ይጮኻል፤ አለቃ ይመጣል። ጆሮ ሲጎዳ ግን ደም የለም፤ ሕመም የለም፤ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ከሁሉ በኋላ የሚያውቀውም ባለቤቱ ነው። ሌላም ችግር አለ። በቋንቋችን ደንቆሮ የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማይገባውንም በአንድነት ይጠራል። ልጅ ትምህርት ቢያቅተው ደንቆሮ ይባላል፤ ሰው ስሕተት ቢሠራ ደንቆሮ ይባላል። እንግዲህ ይህን ስድብ ሲሰማ ያደገ ሠራተኛ መስማት አቃተኝ ብሎ በጓደኞቹ ፊት እንዴት ይናገር? አለመስማቱን ከሚገልጥ ይልቅ ሌላው አጉረመረመ ማለት ይቀለዋል። በመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪዎቹን በመንገድ ላይ በእጃቸው ሲነጋገሩ ሁላችንም እናያለን። ማስተዋላቸው ከእኛ እንደማያንስ ለማወቅ ከእነርሱ ጋር አንድ ጊዜ የእግር ኳስ መጫወት ይበቃል።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። ባለፈው ክረምት ለደብተርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በሰፈራችን በአንድ ብረታ ብረት ቤት ሠርቼ ነበር። ሥራዬ ለበር የሚሆነውን ብረት በግራይንደር መቁረጥና ከብየዳ በኋላ መሞረድ ነበር። ለዐይኔ መነጽር ተሰጠኝ፤ ስለ ጆሮ ማንም አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማታ ማታ በአልጋዬ ላይ ስተኛ በጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር። ይህንንም እንደ ሥራ ወግ ቈጥሬው በጓደኞቼ ፊት እኮራበት ነበር። ከእኔ ጋር የነበረው ዋናው በያጅ ከእኔ በስድስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ሲሆን ስልክ የሚያነጋግረው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው። ጆሮውን ለመጠበቅ ጥጥ ይወትፍበታል። ተራ ጥጥ ግን ጩኸትን እምብዛም አይከለክልም፤ ጆሮውን ያሞቀው እንደ ሆነ ነው እንጂ።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይቻላል? ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያስበው የጆሮ መክደኛን ነው። መክደኛው ጠቃሚ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው መኪናው ነው። የላላ ብሎን ሲጠብቅ፣ የደረቀ ጥርስ ቅባት ሲያገኝ፣ ከመኪናው እግር ሥር ወፍራም ጎማ ሲነጠፍ ድምፁ ይቀንሳል። በጣም የሚጮኸውን መኪና ለብቻው በግድግዳ መከለል፣ ከሌላው ሠራተኛ ማራቅም ይቻላል። በሜዳ ላይ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። በሲሚንቶ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣራ ሥር ግን ድምፁ እየተመለሰ ስለሚመጣ ይህን ያህል አይወርድም፤ ስለዚህም ነው ግራይንደሩን ከቤት ይልቅ ከደጅ መያዝ የሚሻለው። ሠራተኞችን ከጩኸቱ ክፍል ወደ ጸጥተኛው ክፍል በየተራ ማዘዋወርም ገንዘብ አያስወጣም።

ስለ መክደኛው ደግሞ አንድ ያስደነቀኝ ነገር አለ። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መልካም መክደኛ ያለው ሠራተኛ ከሥራ ሰዓቱ ግማሹን ብቻ ቢያደርገውና ግማሹን ቢያወልቀው ትርፉ 15 ዴሲቤል የሚሆን ይመስለናል። አይደለም፤ 3 ብቻ ነው። በወለቀበት ጊዜ ሙሉው ጩኸት ስለሚገባ የቀነሰው ከኃይሉ ግማሹ ብቻ ነውና። ሞቆኛል፣ አላሰማ አለኝ እያሉ የሚያወልቁ ሁሉ ይህን ሒሳብ ቢያውቁት መልካም ነበር። አላሰማ አለኝ የሚለው ግን ተራ ሰበብ አይደለም። ጆሮው አስቀድሞ የደከመ ሰው መክደኛ ሲያደርግ የማስጠንቀቂያ ድምፅና የጓደኛ ጥሪ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክፍል የመብራት ምልክት ያስፈልጋል።

በቀለም ፋብሪካና በቀለም ቅብ ሥራ ለተሰማሩት ደግሞ ጩኸቱ ብቻ አይደለም። ቶሉይን የተባለው የቀለም ማቅጠኛ ትንፋሹ ራሱ የመስማት ሕዋሳትን የሚጎዳ ሲሆን ከጩኸት ጋር ሲጣመር ጉዳቱ ይበረታል። ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲንም እንዲሁ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሠራተኛ ሥራው ምን እንደ ሆነ ቢናገር ይጠቅመዋል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር፣ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ያዛል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ከሥራ አደጋ ጋር አንድ አድርጎ በሥራ ላይ ጉዳት ውስጥ ይቈጥረዋል። ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። አንድ ሰው ሥራ ሲጀምር ጆሮው ካልተመረመረ ከ20 ዓመት በኋላ የጎዳው ፋብሪካው ይሁን፣ ዕድሜው ይሁን፣ የልጅነት የጆሮ ሕመም ይሁን ማን ይለያል? አባቴ በተቀጠሩበት ጊዜ ሳንባቸው ተመርምሯል፤ ጆሮአቸውን ማንም አላየውም። በቀጠሮ ቀን የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ምርመራ፣ ከዚያም በዓመት በዓመቱ የሚደገም፣ መሥመሩ ወደ ገደሉ መውረድ ሲጀምር ያሳይ ነበር፤ አባቴም በአምስተኛው ዓመት ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወሩ ይችሉ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የመስማት ጕድለት እንዳለባቸው ተናግሯል። ከነዚህ ስንቱ በገዛ ቤቱ ሰጠውንና ሸጠውን ሳይለይ ልጁን እንደ ቀጣ አስባለሁ።

በቤታችን አሁን የተለወጠ ነገር አለ። ከአባቴ ጋር ስንነጋገር ፊት ለፊታቸው እንቆማለን፤ አንጮኽም፤ ከንፈራችንን እንዲያዩ በመብራቱ በኩል እንሆናለን፤ የምንናገረውንም ቀስ አድርገን እንናገራለን። ራዲዮኑ ሲከፈት ሁለት ሰው አብሮ አያወራም። ለወንድሜ ከደመወዝ በኋላ አዲስ ሹራብ ተገዝቶለታል፤ አረንጓዴ ነው፤ ይህኛውን ማንም እንዳይነካበት ብሎ ዘግቶበታል። እኔም ወደዚያው ብረታ ብረት ቤት በመጪው ክረምት እመለሳለሁ፤ ሁለት የጆሮ መክደኛ ገዝቻለሁ፤ አንዱ ለበያጁ ነው።

አባቴ ግን ሥራቸውን አልለቀቁም፤ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ? የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ከሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪዎች ጋር ወደ አስተዳደሩ ገብተው ነበር። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ በሽመናው ክፍል ያሉት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ጆሮአቸው እንዲመረመር፣ አዲስ የሚቀጠሩትም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እንዲመረመሩ። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች በምሰጥበት ቀን መልሱ ገና አልመጣም፤ ባለፈው ሳምንት ግን በዚያው ክፍል አራት ወጣቶች አዲስ ተቀጥረዋል፤ አንዱ አምና ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ ነው።